107 ፍሬ ስላለው መቁጠሪያዬ

ይድረስ ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በሰባት ቀን ይቀየራል ስለተባለው መቁጠሪያ (ለአራተኛ ጊዜ)

ጤና ይስጥልኝ። የትዕዛዝ ቁጥሬን ሦስት ጊዜ ልኬላችኋለሁ፤ ዛሬ አልደግመውም፣ ከመዝገባችሁ ፈልጉት። የምጽፈው ስለ ሐሙሱ ስልክ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ራሳችሁ ደወላችሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፣ በስንት ልመና ሰው አገኘሁ ብዬ። ልጁ «ችግሩ ምን ነበር?» ብሎ ከዜሮ ጀመረ። እሺ፣ ይሁን፣ ነገርኩት። 108 ፍሬ ተብሎ የተሸጠልኝ መቁጠሪያ 107 ነው፣ በሰባት ቀን ውስጥ እንቀይራለን ብላችሁ በጽሑፍ ልካችሁልኛል፣ ሰባቱ ቀን ካለፈ ደግሞ አምስት ሳምንት ሆነው አልኩት። ዝም አለ። ኪቦርዱን ሲነካካ ይሰማኛል። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አንድ ፍሬ ቢጎድል ጸሎትዎ አይሰማም እንዴ?» አጠገቡ ያለ ሰው ሳቀ። እሱም ተከትሎ ሳቀ። «መልሰን እንደውላለን» አለና ዘጋው። እስካሁን የደወለ የለም።

በሰዓቱ የምመልሰው ጠፋኝ። አሁን ልመልስ። እኔ መቁጠሪያውን የምይዘው ለሜዲቴሽን ነው። በአንድ ትንፋሽ አንድ ፍሬ አሳልፋለሁ፣ መጨረሻ ላይ ትልቁ ፍሬ ጋ ስደርስ እሱን ሳልሻገር አዙሬ ወደመጣሁበት እመለሳለሁ። ጣቴ ስለሚቆጥርልኝ ጭንቅላቴ ያርፋል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አሁን ግን ትልቁ ፍሬ ጋ በደረስኩ ቁጥር የልጁ ሳቅ ነው ትዝ የሚለኝ። ለማረፍ የገዛሁት ዕቃ ቀኑን ሙሉ ያናድደኝ ጀመር።

ቁጥሩን ደግሞ እኔ አላመጣሁትም። በሂንዱም በቡድሃም ልማድ የታወቀው 108 ነው። አጠር ያለ የፈለገ 54 ወይም 27 ይገዛል፣ እነሱም የ108 ግማሽና ሩብ ናቸው። 107 የሚባል መቁጠሪያ ግን ከእናንተ ሌላ የሚሸጥ አላየሁም።

የመሰንጠቁን ነገር ስልኩ ላይ አንስቼ አልጨረስኩትም ነበር። ቅያሬውን ስጠብቅ ፍሬዎቹ ትንሽ ቆሸሹ፣ እንዴት እንደሚጸዱ በጽሑፍ ጠየቅኳችሁ። «ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፣ ይደርና ፀሐይ ላይ ያስጡት» ብላችሁ መለሳችሁ። ሞኝነቴ፣ አመንኳችሁ። ፍሬው ሌሊቱን ውሃ ጠጥቶ አብጦ አድሮ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ደረቀና ተኮማተረ፣ በማግስቱ አራቱ ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። ይህን ስጽፍላችሁስ? «በአያያዝ ጉድለት ለተሰነጠቀ ኃላፊነት አንወስድም።» የማን አያያዝ ነው? ያላችሁኝን ነው ያደረግኩት! ሁለቱም መልእክት ስልኬ ላይ አለ፣ አንዱ ከሌላው በታች።

አያያዙን በኋላ ከሌላ ሰው ተማርኩት። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል እንጂ አይዘፈዘፍም። ሳሙናም የፀጉር ማድረቂያም አይነካውም፣ ገላ ስንታጠብ ይወልቃል፣ አየሩ ደረቅ ሲሆን ከረጢት ውስጥ ይቀመጣል። በንጹሕና ደረቅ እጅ ሲታሽ የእጅ ወዝ እየጠጣ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ወደ ቀይ ቡኒ ይሄዳል፣ ውበቱም እሱ ነው። ይህን በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ መክተት ምን ያህል ይከብዳል?

ከተነሳ አይቀር ሁሉንም ልበለው። ገጻችሁ ላይ «ቡድሃ ሥሩ ተቀምጦበት ከነበረው የዛፍ ዓይነት የተለቀመ የቦዲ ፍሬ» ይላል። ያ ዛፍ የሾላ ዘመድ ነው፣ ዘሩ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም፤ በምን መርፌ በሳችሁት? እኔ እጅ ላይ ያለው አንድ ክብ ጎድጎድ ያለ ምልክትና ዙሪያውን ጥቃቅን ነጠብጣብ ያለው ነው። ይህ «ኮከብና ጨረቃ» የሚሉት ነው፣ የራታን ዘር፣ ወንበር የሚጠለፍበት ያ ተክል። እውነቱን ብትነግሩኝም እገዛው ነበር፣ ያምራልና። የቦዲ ፍሬ የሚለው ስም በገበያ የተለመደ ነው፣ በስሙ አልጣላችሁም። የዛፉን ተረት ግን አውጡልኝ።

ክሩም እንደዚያው። በየፍሬው መሃል የተቋጠረ የሐር ክር ተብሎ የመጣው ላስቲክ ነው፣ ቋጠሮ የሚባል የለውም። ላስቲክ ይላላል፣ አንድ ቀን ሲበጠስ ፍሬው በሙሉ ወለል ላይ ይበተናል። ያኔ 107ም አይገኝም።

ለጓደኛዬ ያዘዝኩት ባለ ሰባት ፊት ሩድራክሻም አለ፤ ሩድራክሻ ላዩ በመስመር የተከፋፈለ የዛፍ ፍሬ ነው፣ ፊቱም የሚቆጠረው በመስመሮቹ ነው። የእውነተኛው መስመር ከአንዱ ቀዳዳ እስከ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል፤ የጓደኛዬ ግን ከሰባቱ ሁለቱ መስመሮች መሃል ላይ ይቀራሉ፣ በመሳሪያ የተፋቁ ናቸው። ስንጠይቃችሁ «ውሃ ውስጥ ከሰመጠ እውነተኛ ነው» አላችሁ። በደንብ የደረቀ እውነተኛ ፍሬ ሊንሳፈፍ ይችላል፣ ከባድ እንጨት ተቀርጾም ይሰምጣል። እናንተ ሰዎች ውሃ ምን እንዳደረገላችሁ አላውቅም፣ ለሁሉም ነገር መልሳችሁ ውሃ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አንድ ፍሬ ብቻ ነበር። አንድ! ያኔ ልካችሁልኝ ቢሆን እኔው ሰክቼው ዝም እል ነበር። አሁን ግን አንድ ፍሬ አልቀበልም። ቅያሬም አልፈልግም። የመቁጠሪያውም የሩድራክሻውም ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ይመለስልኝ፣ የመመለሻ ማጓጓዣውንም ራሳችሁ ክፈሉ። ዘፍዝፉ የሚለውን ምክር ለሌላ ሰው እንዳትሰጡ። የሐሙሱ ልጅ ደግሞ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ፣ አለቃው አይደለም፣ እሱ። ከሰዓት ግን አይደውል፣ ለሜዲቴሽን የምቀመጥበት ሰዓት ነው።

በሰባት ቀን ውስጥ መልስ እጠብቃለሁ። ሰባት ቀን ስንት እንደሆነ እንደማንስማማ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ልንገራችሁ፦ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ካልሆነ ሁለቱን መልእክቶች ጎን ለጎን አድርጌ ወደ ሸማቾች ጥበቃ እወስዳቸዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር (አጠገቡ ሆኖ የሳቀውን አይጨምርም)

ደንበኛችሁ

መቁጠሪያውን አሽጌ አስቀምጬዋለሁ፣ የሚረከበው ሰው እዚሁ ፊቴ ይቁጠረው።