ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ አይደር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ለእድሮች በነፃ የምትሰጥ ትንሽ ሶፍትዌር እንሠራለን። የአባላትን መዋጮ ትመዘግባለች፣ ደረሰኝ ታወጣለች፣ ቀኑን በእኛው አቆጣጠር ትጽፋለች። ኦፕን ሶርስ ናት፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ የፈለገ ያየዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ወስዶም ይጠቀምበታል። አሁን የጀመራት ጓደኛችን ለትምህርት ውጭ ሊሄድ ነው። ከእሱ በኋላ ማን ያስተዳድራት በሚለው ሁለት ወር ሙሉ ተከራክረናል። ለእናንተ የምጽፈው ጉዳዩ የአራት ልጆች ብቻ ስላልመሰለኝ ነው። እድሮቹም አሉበት።

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የሆነውን ልንገራችሁ። ጳጉሜን በየአራት ዓመቱ ስድስት ቀን ትሆናለች፣ ያ ዓመትም ተራው ነበር። የእኛ ፕሮግራም ግን አምስት ቆጥሮ ወደ አዲሱ ዓመት አለፈ። ጠዋት የእድራችን ጸሐፊ ደወሉልኝ። እትዬ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መስከረም አንድ ነው ይላል፤ እንቁጣጣሽ እኮ ነገ ነው!» አሉኝ። ስህተቱ አንዲት መስመር ላይ ነበር፤ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፣ አስተካክዬ ላክሁ። ግን ማጽደቅ የሚችለው፣ ፓስወርዱም ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለበዓል ቤተሰቦቹ ጋ ክፍለ ሀገር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም። ሦስት ቀን ጠበቅን። እትዬ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አረሙ። አንዱ እስካሁን እኔ ጋ አለ። «መስከረም 1» የሚለው በቀይ ተሰርዞ ከላዩ «ጳጉሜን 6» ተብሎ በእጃቸው ተጽፎበታል።

ጓደኛችንን እየወቀስኩ አይደለም። አንድ ብር ሳያገኝ እንቅልፉን አጥቶ የሠራ ልጅ ነው። ቁልፉን ሁሉ ለእሱ ሰጥተን የተኛነው እኛ ነን።

ከእኛ በጣም የሚበልጡትም እዚሁ ላይ ተቸግረዋል። ኤክስዚ የሚባል ፋይል ማመቂያ አለ፣ ሊኑክስ በሚባለው ስርዓት በሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች (ለሌሎች አገልግሎት የሚሰጡ ኮምፒውተሮች) ውስጥ ይገኛል። ለዓመታት በዋናነት አንድ ሰው ነበር በትርፍ ጊዜው ያለ ክፍያ የሚይዘው። ሰውየው ደከመው። ማንነቱ የማይታወቅ አንድ «አጋዥ» መጣ፣ ቀስ በቀስ ታመነ፣ ኃላፊነቱን ተካፈለ፣ በመጨረሻም ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይታወቅ ወደ ሰርቨሮቹ የሚያስገባ ስውር በር ቀበረ። የተነቃበት እ.ኤ.አ. በማርች 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስችለው ብሎ ነገሩን ሲቆፍር ነው። ግማሽ ሰከንድ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚያሳዝነኝ መጀመሪያ ላይ ብቻውን የቀረው ሰውዬ ነው።

በደህና የወጡም አሉ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ2018 ከመሪነቱ ሲወርድ ተተኪ አልሾመም። ሠሪዎቹ ለወራት ተወያዩ፣ ድምፅ ሰጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት አባላት ያሉት ምክር ቤት መረጡ። ደንባቸው ላይ አንድ ነገር በጣም ወድጄለታለሁ፤ ከአምስቱ ውስጥ የአንድ ድርጅት ተቀጣሪዎች ከሁለት መብለጥ አይችሉም።

ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። አንድ ድርጅት የሰርቨሩን ልክፈል፣ ሁለታችሁን ልቅጠር ብሎናል። እኔ እንቀበል ባይ ነኝ፣ ገንዘቡ ያስፈልገናል። ነገር ግን ከአራት ሰው ሁለቱ የእሱ ደመወዝተኛ ከሆኑ ነገ ሶፍትዌሯ የማን ናት? ይህ ገንዘቡ ሳይመጣ በፊት በጽሑፍ ይቋጭ።

አንዱ ጓደኛዬ «አራት ሰው ምን ኮሚቴ ያስፈልገዋል? ስብሰባ ሥራ ይገድላል» ይላል። ልክ ነው፣ ለኮዱ ስብሰባ አልጠየቅሁም፤ የሚሠራው ይወስን። ፓስወርዱ፣ ገንዘቡና የአጠቃቀም ፈቃዱ ግን ሌላ ነው። የእድራችን የባንክ ሂሳብ የሚንቀሳቀሰው በዳኛው፣ በጸሐፊዋና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው። ይህ የሆነው አንዳቸው ስለማይታመኑ አይደለም። ሰው ይታመማል፣ አገር ይለቃል፣ ይሞታል፤ እድር ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። እኛም ፓስወርዱን ቢያንስ ሦስት ሰው ይያዘው። ፈቃዱን ለመቀየር የሁሉም ስምምነት ይጠየቅ።

አንድ ወንበር ደግሞ ለተጠቃሚዎቹ እፈልጋለሁ፣ ከእድር ጸሐፊዎች አንዱ ይቀመጥበት። «ኮድ የማይጽፍ ሰው ምን ሊል ነው?» ተብያለሁ። የጳጉሜን ስህተት ያገኘነው እኮ እኛ አይደለንም፣ እትዬ ናቸው።

ካልተስማማን ኮዱን ገልብጠን ለየብቻ እንሥራ ያለም አለ። መብቱ ነው፣ ፈቃዱ ይፈቅዳል። ግን አራት ሰው ለሁለት ተከፍሎ ማን ለማን ይደርሳል? እድሮቹስ የትኛዋን ይዘው ይቀጥሉ?

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በእድሩ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ እትዬም እመጣለሁ ብለውኛል። ከአንባቢዎቻችሁ መሐል እንዲህ ያለ ደንብ ጽፎ የሠራበት ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ያካፍለን። ጳጉሜን 6 በ2019 ትመለሳለች። ያን ጠዋት እትዬ ቢደውሉ ቁልፉ ያለው ሰው ቱሉ ዲምቱ ውስጥ እንዲገኝ እፈልጋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ