የይግባኝ ቀን እየቆጠረ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሚስቱን ደብድቦ አካሏን ያጎደለ ሰው ቅጣቱ ሲያንስ፣ የተጎጂዋ ቤተሰብ «ይግባኝ እንላለን» ይላል። አይችልም። በወንጀል ጉዳይ ቅጣት አነሰ ብሎ ይግባኝ የሚለው ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ ፍርዱ በተነበበ ማግስት ዐቃቤ ሕጉን ማነጋገር ይበጃል፤ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 187 መሠረት የይግባኝ ማስታወቂያው በ15 ቀን፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ይህ የጊዜ ገደብ ለተከሳሽም ይሠራል፤ ማረሚያ ቤት ውስጥ ከሆነ ይግባኙን በማረሚያ ቤቱ በኩል ያቀርባል።

ክርክሩ የሚጠነክረው አንቀጹ ላይ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ከባድ ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ቀላሉ፣ 556፣ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። አንቀጽ 564 ሁለቱንም በትዳር ውስጥ በሚፈጸም ጥቃት ላይም ተፈጻሚ ያደርጋቸዋል። ልዩነቱን የሚያሳየው በዋናነት የሐኪም ማስረጃ ነው። «ቆስላለች» ብቻ የሚል ወረቀት ለተከሳሹ ይጠቅማል፤ የቀረ የአካል ጉድለት ካለ በግልጽ መጻፍ አለበት። ተከሳሽም «ቅጣቱ ከበደኝ» ቢል አይረዳውም፤ የትኛው የቅጣት ማቅለያ ምክንያት እንደታለፈ ያሳይ።

ሽምግልና ደግሞ የ555ን ክስ አይዘጋም፤ ሽማግሌዎች ይህን ቢነገራቸው ጥሩ ነበር።

አንድ የሕግ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ