ጎማ ሲያስነፋ በነበረ ባዶ ሰርቪስ ተከሰስኩ

ይድረስ ለበኵር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ባህር ዳር ውስጥ ባጃጅ እየነዳሁ ቤተሰብ አስተዳድራለሁ። ጠዋት ጠዋት የምጭነው በአብዛኛው ተማሪ ነው። ሰሞኑን «የቆመ የተማሪ ሰርቪስ አልፎ መሄድ» የሚል ክስ ተጽፎብኛል። ክሱን አልቀበለውም።

ነገሩ የሆነው አባይ ማዶ ነው። ሚኒባሱ ቀኙን ይዞ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ቆሟል። ልጆቹን አድርሶ የተመለሰ ስለሆነ ውስጡ ሰው የለም። ሾፌሩ ወርዶ የኋላ ጎማ ያስነፋል፤ የኮምፕረሰሩ ቱቦ የእግረኛ መንገዱን አቋርጦ ተዘርግቷል። ፍጥነቴን ቀንሼ፣ ክላክስ ነክቼ አለፍኩ። ትራፊክ ፖሊሱ የቆሙት ከአካፋዩ ማዶ ነበር። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሚኒባሱ ግራ ጎንና የፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈው «የተማሪ ሰርቪስ» የሚል ወረቀት ነው። በሩም፣ ጎሚስታውም፣ ቱቦውም በመኪናው ተከልለዋል። ተሻግረው እንዲያዩልኝ ብለምንም መንጃ ፈቃዴን ተቀብለው ክሱን ጻፉ።

ልጅ ሲወርድ መቆም አይገባም የምል ሰው አይደለሁም። የሰርቪስ በር በቀኝ ስለሚከፈት መውረዱ ያን ያህል አያሰጋም። የሚያሰጋው ልጁ በመኪናው ፊት ዞሮ ሊሻገር ሲል ነው። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሚኒባስ ይሸፍነዋል፤ ከኋላ የሚመጣ አሽከርካሪ የሚያየው አስፋልቱ መሀል ሲደርስ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ እግር ገና ፍሬን ሳይነካ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰርቪስ በግዴለሽነት የሚያልፍ ይቀጣ፤ ቅጣቱም ይጥበቅ።

ግን ያ ወረቀት ቀኑን ሙሉ አይነሳም። ሰርቪሱ ገበያ ሲሄድም፣ ጋራዥ ሲገባም፣ ማታ ደጅ ሲያድርም እንደተለጠፈ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድሜ እንደነገረኝ እዚያ ሌላው መኪና የሚቆመው ቢጫው አውቶቡስ ልጅ ሊያወርድ ወይም ሊጭን ቀይ መብራቱን ሲያበራና «ቁም» የሚለውን ምልክት ከጎኑ ሲዘረጋ ነው። መብራቱ ሲጠፋ መንገዱ ይከፈታል። ለእኛ ሰርቪሶች ቢያንስ ልጅ ሲወርድ ብቻ የሚወጣ ምልክት ለረዳቱ መስጠት ምን ይከብዳል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 2 የተከሰሰ ሰው ክሱ በበቂ ዝርዝር እንዲነገረው፣ በጽሑፍም እንዲሰጠው ደንግጓል። በእጄ ያለው ወረቀት ላይ ልጅ ይውረድ አይውረድ፣ በሩ ይከፈት ይዘጋ የሚል አንድ ቃል የለም። ቅሬታ ላቀርብ የሄድኩበት ቢሮም «መጀመሪያ ክፈል» ብሎ መለሰኝ። ብከፍል ጥፋቱን አመንኩ ማለት ነው፤ ጉዳዩ ደግሞ በብር አያልቅም፤ ጥፋት በሪከርድ እየተያዘ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል። ለእኔ መንጃ ፈቃድ ማለት የልጆቼ እንጀራ ነው።

ጎሚስታው ያየውን ለመመስከር ፈቃደኛ ነው። የሚመለከተው አካል እሱን ሰምቶ፣ ቦታውንም አይቶ፣ ክሱ የሚጸና ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በጋዜጣችሁ በኩል እጠይቃለሁ።

የባጃጅ አሽከርካሪ
ከባህር ዳር