እግርህ ገና አልሞተም ያልከኝ ቀን

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፦

እንደምን ከርመሃል? ከተጠፋፋን አራት ዓመት ሞላን። ዝም ያልኩት ረስቼህ ሳይሆን ተቀይሜህ ነው። ያን ማራቶን 33ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አቋርጬ ስቀመጥ «እግርህ ገና አልሞተም፣ ተነስ» አልከኝ። ቃልህ እንደ ስድብ ቆጠቆጠኝ። የደከመኝን የማውቀው እኔ ነኝ ብዬ አኮረፍኩ።

ሰሞኑን ሰውነት ለሩጫ ኃይሉን ከየት እንደሚያመጣ ሳነብ ከረምኩ። ሁለታችንም እውነት ነበረን።

የኔን ላስቀድም። ጡንቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው ኤቲፒ፣ ማለትም ጡንቻ በቀጥታ የሚጠቀምበት የኃይል ሞለኪውል፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚበቃው። ስለዚህ ሰውነት ሳያርፍ ሌላ ይሠራል፤ ረጅም ሩጫ ላይ በዋናነት ከስብና ግላይኮጅን ከሚባለው የስኳር ክምችት። ስቡ ሞልቷል፣ ግን ኃይል የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው። ፍጥነት የሚፈልገው ግላይኮጅንን ነው፤ እሱ ደግሞ ጡንቻ ውስጥ 400፣ ጉበት ውስጥ 100 ግራም ገደማ ቢሆን ነው። ብዙ ሯጭ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ የሚዝለው ይህ ሲሟጠጥበት ነው። እኔ ደግሞ ጉበቴ ሌሊቱን አንጎሌን ሲቀልብ አድሮ፣ ቁርስ እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ፤ ጅምሩ ላይም ከአቅሜ በላይ ፈጠንኩ።

ያንተ እውነት ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጡንቻ የሚኮማተረው አንጎል በአከርካሪ በኩል ትእዛዝ ሲልክለት ነው። አንጎል ደግሞ ጡንቻው ጨርሶ ሳይደክም አስቀድሞ ትእዛዙን ሊያለዝበው ይችላል። ክብደቱ ከሰውነታችን 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ፣ እረፍት ላይ ከምናወጣው ኃይል 20 በመቶ ገደማውን የሚወስደው እሱ ነው፤ ስኳሩ ሲወርድ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ይህን ስማኝ፦ ብስክሌተኞች ካርቦሃይድሬት ያለበትን መጠጥ ተጉመጥምጠው፣ ሳይውጡ ተፉት፤ አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ ግልቢያም ውሃ ብቻ ከተጉመጠመጡበት ጊዜ ይልቅ ፈጠኑ። ጡንቻቸው ምንም አልደረሰውም። አፋቸው ለአንጎላቸው «ምግብ እየመጣ ነው» ስላለው ብቻ ለቀቅ አደረጋቸው።

ይህን ያነበብኩ ሌሊት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያቋረጡትን የሚሰበስበው መኪና ሊሄድ ሲል፣ በቃኝ ባልኩበት በዚያው እግር ሮጬ ደረስኩበት። አንተ ቆመህ አየኸኝ፤ አንዲት ቃል አልተናገርክም። ያን ዝምታህን አሁን ነው ያመሰገንኩት።

ይቅር በለኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እየሮጥኩ ነው፣ ቁርሴንም በልቼ። ፈቃድህ ከሆነ የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ።

ወዳጅህ