የጋራ መሬታችን ካብ ፈርሷል፣ ዘንድሮም እጃችሁን ዘርጉልን

እንደምን ከረማችሁ? «ደግሞ መጡ» እንደምትሉ እናውቃለን። እውነቱን ለመናገር ልመናው እኛንም ሰልችቶናል። ግን ክረምቱ የላይኛውን ካብ ይዞት ሄዷል። ጎርፉ የጋቢዮኑን፣ ማለትም ድንጋይ የሚሞላበትን የሽቦ ሳጥን፣ ሽቦ በጥሶ ድንጋዩን እስከ ምንጩ ድረስ አንከባሎታል፣ በተከፈተው በኩልም ከብት እየገባ ነው። ሄደን ስናይ ያ ሁሉ ዓመት የጠበቅነው ሣር ከሥሩ ተግጧል። ምንጩ ዳር የተተከለው የወይራ ችግኝም ኮቴ ረግጦት ጭቃ ውስጥ ተኝቷል።

ቦታው ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቀይ አፈርና ቦረቦር ብቻ ነበር። ሰዉ ማንም ሳያስገድደው ግጦሹን ለመዝጋት ተስማማ፤ ሣሩ በጊዜው ታጭዶ በሸክም ይወጣል እንጂ ከብት አይገባም ብሎ ደንቡን ራሱ አወጣ። ማኅበራችን ያደረገው ከጎኑ መቆም ነው። ደንቡ እንዲጻፍ፣ ወሰኑ እንዲለካ፣ የወል ይዞታ ማረጋገጫው እንዲወጣ ተሯሯጥን፣ ጥበቃም ቀጠርን። ደርቆ የነበረው ምንጭም ተመለሰ። ይቺን እንኳ ማንም አይነጥቀንም።

አሁን ወደ ሐሜቱ እንምጣ። «ያን ሁሉ ብር ሰብስባችሁ መሬቱን ለምን አልገዛችሁትም?» የምትሉን አላችሁ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁት። ወገኖች፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት እዚህ አገር መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። አሜሪካ ሌላ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1891 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ መሬት እየገዙና በስጦታ እየተቀበሉ የሚጠብቁ ድርጅቶች አሉ። ባለቤቱ በፈቃዱ «ሕንፃ አይሠራበትም» ብሎ የሚፈርምበት መንገድም አለ፤ መሬቱ የእሱ ሆኖ ይቀጥላል፣ ውሉ ግን የሚገዛውንም የሚወርሰውንም ያስራል። እዚያም ቢሆን ከባዱ ፊርማው አይደለም። ድርጅቱ ውሉ መከበሩን በየዓመቱ እየሄደ ያያል፣ ለዚያም ገንዘብ ለይቶ ያስቀምጣል። እኛ በየዓመቱ የምንጠይቃችሁ የጥበቃ ደመወዝም ይኸው ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የመንዝ ጓሳን የጋራ ሣር ምድር እዩ። ቄሮ በሚባል የአካባቢው ነባር የመሬት አጠባበቅ ሥርዓት ለ400 ዓመት ገደማ ተጠብቆ ኖሮ፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ እንደገና በኮሚቴ ሲደራጅና ደጋፊ ድርጅቶች ሲያግዙት ነው ያገገመው። የእኛ ቦታ ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ አንድ በጋ ክፍት ቢቀር አይተርፍም።

ገንዘቡ የት ገባ ለምትሉ፦ ሽቦ፣ የመኪና ኪራይ፣ የጥበቃ ደመወዝ። የኮሚቴ አባል አበል አይወስድም። ባንወስድ ይሻላል ብለን ነው እንጂ፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ራሱ ለአስተዳደር ወጪ ከገቢ እስከ 20 በመቶ ይፈቅዳል። ካቡ የፈረሰው ደግሞ ከላዩ ያለው እርከን ሳይሠራ ብሩ ስላለቀ ነው። ያኔም ጮኸን ነበር፣ የሰማን ጥቂት ነው።

አሁን የሚያስፈልገው ሽቦ፣ ለላይኛው እርከን የሚሆን ወጪና እስከ በልግ የሚያደርስ የጥበቃ ደመወዝ ነው። ድንጋዩን ሰዉ በደቦ ያነሳል፣ ቃል ገብቷል። ከአሥራትም ይሁን ከሰደቃ የቻላችሁትን አዋጡ፤ ከዚያ ምንጭ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀዳል።

አከፋፈል፦ በማኅበሩ ስም ባለው የባንክ ሒሳብ ብቻ። ቁጥሩ አልተቀየረም፣ ባለፈው ደረሰኛችሁ ላይ ያለው ነው። ያለ ሦስት ፊርማ ብር አይወጣበትም። በቴሌብር የምትልኩም የማኅበሩ ስም መምጣቱን ሳታዩ እሺ አትበሉ። ለኮሚቴ አባልም ቢሆን በግል ስልኩ እንዳትልኩ፣ እባካችሁ። ስትከፍሉ «ለካብ» ብላችሁ ጻፉበትና ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ። ደግመን እንላለን፣ በማኅበሩ ስም ብቻ፣ በድሮው ቁጥር። «ሒሳቡ ተቀይሯል» ብሎ የሚደውልላችሁ ካለ እኛ አይደለንም።