ክፍት ኩሽኔታ ወይስ ሽፍን?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምተዳደረው ሞተር ሳይክል በመጠገን ነው። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ሞተሩ ሌላ ጋራዥ ታድሶ ጥቂት ወራት ብቻ የሠራ፣ ነገር ግን ከካምቢዮው በኩል መጮህ የጀመረ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል አመጣልኝ። ስፈታው የካምቢዮው ኩሽኔታዎች (ሻፍቱ፣ ማለትም ዘንጉ፣ በቀላሉ እንዲዞር የሚሸከሙት ባለኳስ ቀለበቶች) በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያላቸው ሆነው አገኘኋቸው። ጎማው በሙቀት ደርቆ ጠርዙ ተበጣጥሷል፤ በውስጡ የነበረው ግራሶ ታጥቦ ወጥቷል፤ ዘይቱም እንደልብ ስላልገባ ኳሶቹ የሚሽከረከሩበት ገጽ ተልጧል። የጎማው ቁርጥራጭ የዘይት ወንፊቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ባለቤቱ "ሽፍኑ ይሻላል ተብዬ ጨምሬ ነው የገዛሁት" ሲለኝ ከልቤ አዘንኩ፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያችው ሞተር ነውና።

ሽፍን ኩሽኔታ ይሻላል የሚለው አመለካከት ከጎማ እምብርት፣ ማለትም ጎማው ከሚዞርበት መሃል፣ የመጣ ይመስለኛል። እዚያ ዘይት የለም፤ አቧራ፣ ጭቃና ውኃ ግን አለ፤ ስለዚህ ቁጥሩ በ2አርኤስ የሚያልቀው፣ በሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያለውና ግራሶው ውስጡ የታሸገው ኩሽኔታ ትክክለኛው ምርጫ ነው። በባለ አራት ስትሮክ ሞተር ውስጥ ግን የካምቢዮው ጥርሶች የሚረጩትና ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ክፍቱን፣ ማለትም ሽፋን የሌለውን ኩሽኔታ ያለሰልሳል፣ ያቀዘቅዛል፣ የብረት ብናኙንም ጠርጎ ወደ ማጣሪያው ይወስዳል። በባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ኩሽኔታ የሚለሰልሰው ከቤንዚን ጋር በተቀላቀለው ዘይት ስለሆነ፣ ሽፋኑ ያንን ጥቂት ዘይት ይከለክለዋል።

አንዳንድ አምራቾች ብናኝ እንዳይገባ፣ ወይም ዘይቱ ወደ ሻፍቱ ቀዳዳ እንዲያመራ፣ በአንድ ጎን ብቻ የተሸፈነ ኩሽኔታ አስበውበት ያስገባሉ። ስለዚህ አሮጌውን ከማውጣታችን በፊት የተሸፈነው ጎን ወደየት እንደዞረ መመዝገብ፣ አዲሱንም በዚያው አቅጣጫ መመለስ ይገባናል።

ከሽፋኑ በላይ የሚዘነጋው ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ሲ3 ነው። ለምሳሌ 6203 የሚለው ቁጥር የውስጥ ዲያሜትሩ 17፣ የውጪው 40፣ ወርዱ 12 ሚሊ ሜትር መሆኑን ብቻ ይነግረናል። ሲ3 ደግሞ በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከተለመደው የሰፋ መሆኑን ያመለክታል። ኩሽኔታው በሻፍቱ ላይ ጠበቅ ብሎ ሲገባና ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ስለሚጠብ፣ አምራቹ ሲ3 ባዘዘበት ቦታ ተራውን ማስገባት፣ ክፍትም ይሁን ሽፍን፣ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ገበያ ላይ ሽፍኑ ብቻ ከተገኘና ክፍተቱ ትክክለኛ ከሆነ፣ የሁለቱንም ጎን ጎማ በቀጭን መሣሪያ በጥንቃቄ አንስቶ፣ ግራሶውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆና ዘይት ቀብቶ ማስገባት ይቻላል። የቆርቆሮ ሽፋን ባለው ላይ ግን ይህን አልመክርም፤ ሲፈነቀል የሚቀር ስብርባሪ ኳሶቹ መካከል ይገባል።

መለዋወጫ ነጋዴዎችን የምጠይቀው በደረሰኙ ላይ "ኩሽኔታ" ብቻ ብለው እንዳያልፉት፣ ከቁጥሩ በኋላ ያሉትንም ፊደላት እንዲጽፉ ነው። የሙያ ባልደረቦቼም የወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ለባለቤቱ ቢያስረክቡ፣ የተለወጠው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ራሱ ማመሳከር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ከሐዋሳ