ግልጽ ደብዳቤ፦ የኃያላኑ የሳይበር ፉክክርና የከተማ ዳር ኮምፒውተሮች

ይድረስ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር
አዲስ አበባ

ይህን የምጽፈው ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከገላን ሲሆን፣ ሥራዬ በአካባቢው ላሉ መጋዘኖች፣ አነስተኛ ፋብሪካዎችና ክሊኒኮች ኮምፒውተር መጠገንና ኔትወርክ መዘርጋት ነው። እነዚህ ተቋማት የማንም ኃያል መንግሥት ዒላማ አይደሉም፤ ይሁን እንጂ ዒላማ አለመሆን ብቻውን ከጉዳት አያድንም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ግንቦት ወር ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ በዊንዶውስ ላይ ያገኘውን የደህንነት ክፍተት ደብቆ ለስለላ ባዘጋጀው፣ ኋላም ከእጁ ባመለጠ መሣሪያ ነው። ዋሽንግተን ጥቃቱን የሰሜን ኮሪያ ሥራ ነው ብላለች፤ ቀጠሮ ከተሰረዘባቸው መካከል ግን የእንግሊዝ ሕሙማን ይገኙበታል። በቀጣዩ ወር ደግሞ፣ አሜሪካና ብሪታኒያ የሩሲያ ጦር ሥራ ያሉት (ሞስኮ አስተባብላለች) ኖትፔትያ የተባለ ቫይረስ፣ ዩክሬናውያን ለግብር ሂሳብ በሚጠቀሙበት ሶፍትዌር በኩል ተሰራጭቶ የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ሥራ አስተጓጎለ፤ በበርካታ አገሮች ያሉ የወደብ ተርሚናሎቹም ኮንቴይነር መቀበልና ማስረከብ ተሳናቸው። አብዛኛው የገቢና የወጪ ንግዱ በጂቡቲ በኩል ለሚያልፍ አገር ይህ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም።

ማይክሮሶፍት ዋናክራይ የገባበትን ክፍተት መጠገኛ ያወጣው ቫይረሱ ከመሰራጨቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። በእኛ ሰፈር ግን መጠገኛ መውጣቱና መጫኑ ለየቅል ነው። ዊንዶውሱ ክራክ ነው፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተጫነ፤ አፕዴቱም ፓኬጅ ይጨርሳል ተብሎ ይዘጋል፤ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2020 ያበቃው ዊንዶውስ 7 ዛሬም ደረሰኝ ያትማል። የኔትወርክ ዕቃ ከቻይና ይምጣ ወይስ ከምዕራባውያን የሚለው ክርክር፣ በእኔ እይታ፣ ከሚገባው በላይ ጊዜ ወስዷል።

ስለዚህ አስተዳደሩ ለቁልፍ መሠረተ ልማቶች ከሚያደርገው ጥበቃ ጎን ለጎን፣ አደገኛ ክፍተት በታወቀ ቁጥር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር ማስጠንቀቂያ በስልክ መልዕክት እንዲልክ፣ መጠገኛዎቹም ከአገር ውስጥ ሰርቨር ያለ ዳታ ክፍያ የሚወርዱበትን መንገድ ከቴሌኮም ድርጅቶች ጋር እንዲያመቻች በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 የተቀመጠው፣ አገሮች ክፍተቶችን በኃላፊነት እንዲያሳውቁ የሚያበረታታው መርህ አስገዳጅ ስላልሆነ፣ ኢትዮጵያ ግዴታ እንዲሆን ብትሟገትም ተገቢ ነው። የሚቀድመው ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የኒው ዮርክ ድርድር ዓመታት ይፈጃል፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አብቅቷል።

ከአክብሮት ጋር
የኮምፒውተርና ኔትወርክ ባለሙያ፣ ገላን